ካምቢዮዬን ከመፈታት ላዳነው መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው። አሮጌ ኦቶማቲክ መኪና ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ለሚንከራተት ሰውም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ትንሽ ይረዝማል። ታሪኩን ከነዝርዝሩ ካልነገርኳችሁ ግን ልጁ ምን እንደሠራ አይገባችሁም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1993 ስሪት ስፖርት መኪና ነው። ሁለት በር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀይረው ክፍል) ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ። "ስፖርት መኪና በኦቶማቲክ ምን ያደርጋል?" የሚሉኝ አሉ። የግራ ጉልበቴን ጠይቁት።

ችግሩ ሚኒሞ ላይ ነበር፤ ቤንዚን ሳይረገጥ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ማለቴ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መብራት ላይ ስቆም፣ 700 አካባቢ መርጋት ያለበት አር ፒ ኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ወደ 450 ይወርዳል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬ። አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ 10 ቀን ሙሉ ምንም የለም። ጋራዥ በር ላይ ሲደርስማ አመሉን ይደብቃል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጥርሱ እንደሚተወው ሰው።

8 ወር እንዲህ ሄደ። ካንዴላ ተቀየረ። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ። የሚኒሞ ቫልቩ መጀመሪያ ታጠበ፣ ኋላ በአዲስ ተተካ። አንዱ ጋር አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ተብሎ ጭስ ተነፋበት፤ የትም አልወጣም። የመጨረሻው ጋራዥ ፈረደ፦ "ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ሰላም ነው፣ ዲ (መንጃ ማርሽ) ላይ ነው የሚታመመው። ካምቢዮው ነው፤ ይውረድ።" እውነቱን ልናገር፣ አመንኩ። ዲ ሲገባ ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል) ሞተሩን ስለሚጫነው አር ፒ ኤሙ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ሰበቡ ልክ ይመስላል። ካምቢዮው የሚወርድበትን ቀን ሁሉ ቆርጬ ነበር።

አንድ ወዳጄ "ከማስፈታትህ በፊት አንድ ልጅ ይየው" ብሎ ወሰደኝ።

ልጁ ኮፈኑን አልከፈተም። ወንበር ሰጠኝና ጥያቄ ጀመረ። "ጋሼ፣ ጠዋት ሲያስነሱት ያደርገዋል?" አያደርገውም። "ኤሲ ሲያበሩ ይብሳል?" እንጃ። "ሜዳ ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት ላይ ሲቆሙ?" ይህንንም ልብ ብዬ አላውቅም። 8 ወር ስማረርበት የኖርኩትን ነገር አንድም ቀን በደንብ እንዳላየሁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጭን ደብተር ሰጠኝ። ባደረገው ቁጥር እንድጽፍ፦ ሞተሩ ሞቋል ወይስ ቀዝቃዛ ነው፣ ማርሹ የት ነው፣ ኤሲ በርቷል ወይ፣ ፍሬኑን ምን ያህል ረግጫለሁ። የመጨረሻዋ ገረመችኝ። ሚኒሞ ስለው ስለ ፍሬን ይጠይቀኛል!

ሳምንት ቆይቼ መጣሁ። 11 ጊዜ አድርጎታል። ሁሉም በሙቅ ሞተር፣ ሁሉም ዲ ላይ። ኤሲ አንዳንዴ በርቷል፣ አንዳንዴ አልበራም። ከ11ዱ 9ኙ ደግሞ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ በያዝኩበት ጊዜ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ወይም ድንገት ስቆም። ልጁ ደብተሩን አየና እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ ኦቶማቲክ መኪና ዲ ላይ ሲቆም እግር ፍሬን ላይ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ናቸው። እስካሁን ማንም ነጥሎ አላያቸውም፤ እንነጥላቸው።"

ግማሽ ሰዓት ነድተን አሞቅነው። ጎማዎቹን በታኮ ያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ራሱ ገብቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ኤን ላይ አድርጎ ፍሬኑን አጥብቆ ረገጠ። አር ፒ ኤሙ ወደ 480 ወረደ፤ ያ የታወቀው መንቀጥቀጥ መጣ። ኤን ላይ! ቀጥሎ ዲ አስገብቶ እግሩን ከፍሬኑ በቀስታ አነሳ። 650 ላይ ረጋ፤ ጸጥ። (ይህን ያለ ታኮ፣ ከመኪናው ፊት ሰው ቆሞ እንዳትሞክሩት።) ካምቢዮው የለበትም ማለት ነው።

ከዚያ ጎንበስ በል አለኝ፤ ይቅርታ፣ ጎንበስ ይበሉ ነው ያለኝ። ፔዳሉ ሥር ቀጭን "ስስስ" የሚል ድምፅ አለ። በመጨረሻም ከሞተሩ ወደ ፍሬን ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ በፒንሳ ቆነጠጠው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ሚኒሞው ግን የቱንም ያህል ቢረገጥ ንቅንቅ አላለም።

ሰርቮ ማለት ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው ትልቅ ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡን ለሁለት የሚከፍል የጎማ ሽፋን አለው። ፔዳሉ ሳይረገጥ በሁለቱም ጎን ያለውን አየር ሞተሩ ስቦታል፤ ስለዚህ ሽፋኑ ቢቀደድም ምንም አይታይም። ሲረገጥ በአንዱ ጎን የውጭ አየር ይገባና እግራችንን ያግዛል። ቀዳዳ ካለ ያ አየር ተሻግሮ ሞተር ውስጥ ይገባል። የኔ መኪና አየሩን የሚለካው መግቢያው ላይ ባለ ሴንሰር ነው፤ በፍሬን በኩል የሾለከውን ግን አያየውም። ኮምፒውተሩ ቤንዚን አይጨምርም፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይርገፈገፋል።

"አንዳንዴ" የሚለው እንቆቅልሽም ተፈታ። ፍሬኑ ለስለስ ብሎ ሲያዝ ቅዳጁ አይከፈትም። ጠዋት ደግሞ ሚኒሞው ራሱ ከፍ ያለ ነው፣ ቤንዚኑም ስለሚበዛ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ጭሱስ ለምን አላሳየም? ሰርቮው ቱቦ ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ከሞተሩ በኩል የተነፋ ጭስ እዚያ ይቆማል። በዚያ ላይ ጭሱ ሲነፋ ፍሬን የረገጠ ሰው አልነበረም። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ግዴታ ከሆነው ኦ ቢ ዲ 2 (ብልሽት በመሣሪያ የሚነበብበት ሥርዓት) በፊት የተሠራ ስለሆነ፣ ልጁ የመመርመሪያ ሶኬቱን ሁለት ፒን በሽቦ አገናኝቶ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ብልጭታ ቆጠረ። መብራቱ "ሁሉም ደህና" አለን።

እኔ ደስ ብሎኝ ቁልፉን ልወስድ ስል ኮስተር አለ። "ይህ የሚኒሞ ነገር አይደለም፤ የፍሬን ነው። ቅዳጁ ከሰፋ እርዳታው ይጠፋና ፔዳሉ ይጠጥርብዎታል። ይዘውት አይሄዱም።" በታክሲ ተመለስኩ።

ሰርቮው በአዲስ ተቀየረ። ከመግጠሙ በፊት ፍሬኑን የሚገፋውን ዘንግ ርዝመት ደጋግሞ ሲለካ አየሁት፤ ትንሽ ከረዘመ ፍሬኑ እንደተያዘ ይቀራል አለኝ። አሮጌውን ከፍቶ የጣት ጫፍ የምታህል ቅዳጅ አሳየኝ። 8 ወር ለዚያች! የካምቢዮውን ዘይትም አየው፤ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። አልነካውም።

አንድ ነገርም አስተማረኝ። ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ፣ ሳትለቁ ሞተሩን አጥፉ፣ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ፔዳሉ እግራችሁን ወደ ላይ ከገፋ ሰርቮው አየር ያሾልካል ማለት ነው። ያለ መሣሪያ የሚሆን ነገር ነው፤ ማንም አልነገረኝም ነበር።

እንከኑንም ልንገራችሁ፤ ሙገሳ ብቻ አይታመንም። ልጁ ቀርፋፋ ነው። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። ነገ ካለ ከነገ ወዲያ በሉት። ለችኩል ሰው አይሆንም። ሌላው የተወውን፣ ኮምፒውተር ያላገኘውን፣ "አንዳንዴ" የሚባለውን በሽታ ግን ለሱ ስጡት። እጁ ይባረክ። ቁጥሩን ሳልጠይቀው እዚህ መበተን አልፈለግኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ።

ሦስት ወር ሆነ። ደብተሩ አሁንም መኪናው ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩበት ነዳጅ የሞላሁባቸውን ቀናት ብቻ ነው።