ከአጥር ወዲህ ሲታይ፦ በጎንደር የአንድ ሕንፃ ሥራ ተቋራጭ አገልግሎት ግምገማ

የሥራ ተቋራጭን አገልግሎት ገምግሞ አስተያየት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎ ያሠራው ባለንብረት ነው። እኔ ግን የምጽፈው በጎንደር ማራኪ አካባቢ ከመኖሪያ ቤቴ አጥር ጋር ተያይዞ ባለ ምድር ቤት የንግድ ሕንፃ የገነባውን ድርጅት ሥራ በጎረቤትነት ስለተከታተልኩት ነው። ጉዳያችን በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ ስምምነት ስለተቋጨ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ሆኖም አሠራሩን መግለጽ ነገ ከአጥሩ ማዶ ቁፋሮ ለሚጀመርበት ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሕንፃው ራሱ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን መመስከር ተገቢ ነው። አርማታው በሚክሰር እየተቦካ በቫይብሬተር፣ ማለትም በሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ፣ ይጠቀጠቅ ነበር፤ ሶሌታው፣ ማለትም የየፎቁ ወለል አርማታ፣ ከተሞላ በኋላም ውሃ መጠጣቱ ሳይቋረጥ ይከታተሉት ነበር፤ ፌሮውንም ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሳያየው አርማታ አይፈስበትም ነበር። ለጥምቀት በዓልና ለፋሲል ግቢ ጉብኝት የሚመጣው እንግዳ ማረፊያ ስለሚፈልግ በከተማችን እንዲህ ያለ ሕንፃ መነሣቱን የምቃወምበት ምክንያትም የለኝም። የከተማው ፕላን ዋናውን መንገድ ለንግድ ሲፈቅድ ከኋላው ያለው ሠፈር ግን መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሁለቱ መገናኛ መስመር የሚያልፈው በእኔ ጓሮ መሆኑ ነው ነገሩን ያከበደው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከቁፋሮው ነው። ድርጅቱ ለምድር ቤቱ የሚሆነውን ጉድጓድ እስከ ወሰኑ ድረስ በኤክስካቫተር ቀጥ አድርጎ ቆረጠውና የድጋፍ ግንቡን ሳያቆም ክረምቱ ገባ። የእኔ ቤት፣ እንደ ብዙዎቹ የሠፈራችን የቆዩ ቤቶች፣ ግድግዳው ጭቃ፣ መሠረቱም ድንጋይ በጭቃ የተደረደረበት ነው። እንዲህ ያለው መሠረት ጭነቱን ችሎ የሚቆመው ዙሪያውን ያቀፈው አፈር በቦታው ሲኖር ብቻ ነው። በጎኑ ያለው አፈር ሲወሰድ መሠረቱ ወደ ጉድጓዱ ማዘንበል ይጀምራል፤ አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ሲሆን ችግሩ ይብሳል። በሐምሌ ዝናብ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አፈሩ እየተናደ ሲሄድ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ወለሉ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ታየ።

ፎርማኑ ሲጠራ የሰጠው መልስ ጨዋነት ያልጎደለው፣ ነገር ግን ማንም ቤቱ የተሰነጠቀበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ነበር፦ «ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ድሮም ያረጀ ነው፤ ስንጥቁ በእኛ የመጣ አይደለም።» ይህ መልስ የተሸነፈው በክርክር ሳይሆን በፎቶግራፍ ነው። ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት የቤቱ ግድግዳዎች በየክፍሉ ከውስጥም ከውጭም ቀን ተጽፎባቸው ተነሥተው ስለነበር፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ደህና እንደነበረ በግልጽ ይታያል። ስንጥቁ ከታየም በኋላ በላዩ ላይ ጀሶ ተለስኖ ቀን ተጻፈበት፤ ጀሶው ሲሰበር ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለሁሉም አሳየ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ገለልተኛ መሐንዲስና ጥቂት ጀሶ ነው። በእኔ ግምት ይህንን መዝገብ ማዘጋጀት የነበረበት ተቋራጩ ነው፤ በድሮ ስንጥቅ ሊያስከፍለው የሚፈልግ ጎረቤት ቢመጣ መከላከያ የሚሆነው ለራሱ ለተቋራጩ ነውና።

«ፈቃድ አለን» የሚለውም መልስ በተደጋጋሚ ተሰጥቶኛል፤ ፈቃድ እንዳላቸው ግን ማንም አልተጠራጠረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ሁከት ወይም ጉዳት እንዳያደርስ፣ በተለይም ጭሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታው፣ ድምፁና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል። በአንቀጽ 2069 ደግሞ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን፣ ሥራውን እንዲሠራ ከባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘቱም ከኃላፊነት እንደማያድነው ተጽፏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ በምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ይህ ጥብቅ የባለሙያ ክትትል የሚጠይቀው ምድብ ነበር። ከጎኔ የቆመው ሕንፃ ከዚያ ከፍታ ያልፋል። ማመልከቻዬ እነዚህን አንቀጾች በቁጥራቸው ከጠቀሰ በኋላ የድርጅቱ አነጋገር የተለወጠ መሆኑን ሳልታዘብ አላለፍኩም።

ስለ ድምፅና አቧራ ብዙ አልልም። አርማታ ከተጀመረ መቋረጥ ስለሌለበት አንዳንድ ምሽት ሥራው እስከ ሌሊት መዝለቁን እረዳለሁ፤ አስቀድሞ አንድ ሰው ልኮ መንገር ግን ምንም አያስከፍልም ነበር። ጠጠርና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጎሕ ሳይቀድ ሲራገፍ ሕፃናት ይነቃሉ፤ በበጋም አቧራው በፀሐይ በተሰጣው በርበሬና ብቅል ላይ ይወርዳል። ውሃ እንዲረጩና በወሰኑ በኩል ሸራ እንዲያንጠለጥሉ ሲጠየቁ ግን ሳያንገራግሩ አድርገውታል። የከበደው የተቆፈረው አፈር በመንገዱ ዳር ቦይ ላይ መከመሩ ነበር፤ ሠፈራችን ተዳፋት ስለሆነ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ከእኛ በታች ያሉትን የሁለት ጎረቤቶቻችንን ግቢ አጥለቅልቋል።

መፍትሔው የመጣው በሽምግልና ነው። የሕንፃው ባለቤት ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም የገለልተኛውን መሐንዲስ ሪፖርት በእጃቸው ይዘው ስለተቀመጡ ንግግሩ ከይቅር ለእግዚአብሔር አልፎ ወደ ሥራ ዝርዝር ገባ። የድጋፍ ግንቡ ወሰኑን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሳይሆን በአጫጭር ክፍል፣ አንዱን እየዘለለ እንዲሠራ፣ በግንቡና በአፈሩ መካከል ውሃ ማስረጊያ ጠጠር እንዲሞላ፣ በእኛ ወገን ያሉት መስኮቶች ከፍ ብለው እንዲከፈቱ፣ የቤቴ ጥገና ደግሞ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ጀሶው ሳይሰበር ከቆየ በኋላ እንዲካሄድ በጽሑፍ ተስማማን። የመጨረሻው ነጥብ የመሐንዲሱ ምክር ነበር፤ አፈሩ ሳይረጋ የተደፈነ ስንጥቅ በሚቀጥለው ወቅት ተመልሶ ይከፈታል።

ድርጅቱ ቃሉን በአብዛኛው ጠብቋል። የድጋፍ ግንቡ በስምምነቱ መሠረት ተሠርቷል፤ ቦዩ ተጠርጎ ከታች ላሉት ጎረቤቶችም ግቢያቸው ተስተካክሏል። በጥገናው ያልረካሁት በአንድ ነገር ነው። የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰኑት። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ስለሆነ ከጭቃው ጋር አብሮ አይላወስም፤ እርጥበቱንም ከውስጥ ስለሚያፍን ከጊዜ በኋላ እየተነቀለ ይወድቃል። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው በጭድ የተቦካ የጭቃ ልስን፣ ከተፈለገም በላዩ ኖራ ነው፤ የዚህ ዓይነት ባለሙያ ደግሞ በጎንደር ጠፍቶ አያውቅም።

ሕንፃ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው ይህንን ተቋራጭ እመክረዋለሁ፤ ነገር ግን ቁፋሮው በጥቅምትና በግንቦት መካከል እንዲያልቅ፣ የአጎራባች ቤቶች ሁኔታ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በፎቶግራፍ እንዲመዘገብና የጥገናው ወጪ ከማን እንደሚወጣ በውሉ ውስጥ ያስገባ። ለሕንፃው ጥራት ከአምስት አራት፣ ለቁፋሮው አንድ፣ ቅሬታ ከቀረበ በኋላ ላሳየው አያያዝ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ልስኑን ቀይሮ እንደሚሠራልኝ ፎርማኑ ቃል ገብቷል፤ ከሚመጣው ክረምት በፊት ከፈጸመው ሦስቱን ወደ አራት ከፍ አደርገዋለሁ።