ፋየርጄይል ለኮፒ ቤት፦ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ሲመዘን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የኮፒና የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያትሙበት ሰሞንማ ወረፋው ለስካን እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ፕሮግራምን በተከለለ ቦታ (ሳንድቦክስ) አስሮ የሚያስነሳው ፋየርጄይል የተባለ ነፃ ሶፍትዌር የሚመዘነው እዚህ ቦታ ላይ ነው፦ የደንበኛው ሰነድ መጥፎ ነገር ይዞ ቢመጣ፣ የከፈተው ፕሮግራም የት ድረስ መሄድ ይችላል? የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ብቻ ነው። ዊንዶውስና ፓወር ግዕዝን የሙጥኝ ያለ ቤት ይህ ግምገማ አይመለከተውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። የሚከለክለው ፋየርጄይል ሳይሆን ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት ነው፤ ፋየርጄይል ትእዛዙን አዘጋጅቶ ያቀብላል። ከከርነሉ መሣሪያዎች አንዱ ሴክኮምፕ ነው። በ2005 ሊኑክስ ውስጥ ሲገባ ለታሰረው ፕሮግራም የሚፈቅደው ማንበብን፣ መጻፍን፣ መውጣትንና ከሲግናል መመለስን ብቻ ነበር፤ ሰነድ ለሚከፍተው ለሊብሬኦፊስ ይህ ምንም አይጠቅምም። በ2012፣ በከርነል 3.5፣ የሲስተም ጥሪዎችን (ፕሮግራሙ ከከርነሉ የሚጠይቃቸውን አገልግሎቶች) እየመረጠ የሚያጣራ ሆነ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማጣሪያው የጥሪውን ቁጥርና የተላኩትን እሴቶች ያያል እንጂ የፋይሉን ስም ሊያነብ አይችልም፤ ስሙ ያለበትን የሜሞሪ አድራሻ ተከትሎ አይሄድምና። «ይህን ፎልደር ክፈት፣ ያንን አትንካ» የሚለው ሥራ ለፕሮግራሙ የራሱን የፋይል እይታ የሚሰጠው የማውንት ኔምስፔስ ነው። ከ2021 ወዲህ፣ ከከርነል 5.13 ጀምሮ፣ ላንድሎክ የተባለው የከርነሉ መሣሪያም ይህን ይሠራል።

ለኮፒ ቤት የሚበቃው አቀማመጥ ቀላል ነው። «ደንበኛ» የሚባል ባዶ ፎልደር ይከፈት፤ ፋይሉ ከፍላሽ ወደዚያ ይገልበጥ፤ ከዚያ ሊብሬኦፊስ በፋየርጄይል በኩል በሁለት ምርጫዎች ይነሳ። «ኔት» የሚለው «ኖን» ሲባል ኢንተርኔቱን ይቆርጣል። «ፕራይቬት» ደግሞ ያ ፎልደር እንደ ሙሉ ሆም (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) እንዲታይ ያደርጋል፣ የሌላ ደንበኛ ሥራ ከፕሮግራሙ እይታ ይወጣል። የፎልደሩ ስም አይዘለል። «ፕራይቬት» ብቻውን ከተጻፈ ሆሙ የሚፈጠረው ራም ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋም ሆነ መብራት ሲጠፋ ሴቭ የተደረገው ፋይል ሳይቀር አብሮ ይጠፋል። መብራት በየሰዓቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንበኛው ሲሸኝ ፎልደሩን ማጽዳት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ማተምስ? አብሽሩ፣ ይሠራል። ሊብሬኦፊስ ከካፕስ (ከሊኑክስ የማተሚያ አገልግሎት) ጋር የሚነጋገረው በፋይል ሶኬት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ፋይል መሰል መገናኛ ከሆነ የኔትዎርክ መቆረጥ አይነካውም። ካፕስ በሎካልሆስት (በኮምፒውተሩ የራሱ የኔትዎርክ አድራሻ) ፖርት ቁጥር 631 እንዲጠራ ተደርጎ ከተዋቀረ ግን ፕሪንተሩ ከዝርዝሩ ይጠፋል።

አማርኛ ላይ ሲደረስ ነው የሚያናድደው። ሰነዱ ተከፍቶ ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ በተጠቃሚው ሆም ውስጥ ስለተጫነ ከአዲሱ ሆም አይታይም። አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ ኢትዮፒክ ለሁሉም ተጠቃሚ በሚያገለግለው የሲስተሙ የፎንት ፎልደር ይጫን። ሁለተኛው ኪቦርዱ ነው፦ ማንበብ እየተቻለ መጻፍ እምቢ ይላል። የአማርኛ ትየባውን የሚያስተናግደው የአይባስ የቆዩ ስሪቶች የሚገናኙት በአብስትራክት ሶኬት (ፋይል በሌለው መገናኛ) ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሶኬት ደግሞ የኔትዎርክ ኔምስፔስ (ለፕሮግራሙ የተለየ የኔትዎርክ ክልል) አካል ስለሆነ ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል። አዲሶቹ ስሪቶች የፋይል ሶኬት ይጠቀማሉ፣ ግን ሶኬቱ ያለው ሆም ውስጥ ስለሆነ «ፕራይቬት» ይሸፍነዋል። ለማተም ብቻ የሚከፈት ሰነድ በጥብቁ አቀማመጥ ይከፈት፤ የትየባ ሥራ ደግሞ ቤቱ ራሱ በጀመረው ፋይል፣ ከሳንድቦክስ ውጭ ይሠራ። ሁለቱን በአንድ ፕሮፋይል (የፈቃድና የክልከላ ዝርዝር) ለማስታረቅ መድከም ትርፉ ጥቂት ነው።

«ፋየርኮንፊግ» (ሲጻፍ firecfg) የሚባለው አጋዥ ትእዛዝ ዝግጁ ፕሮፋይል ያላቸው ፕሮግራሞች በራሳቸው ታስረው እንዲነሱ ያደርጋል። ነገር ግን ፕሮግራሙን በሙሉ አድራሻው የጠራ ሰው ወይም አቋራጭ በጎን ያልፋል። የፋየርጄይልን «ሊስት» አይቶ፣ የተከፈተው ፕሮግራም እዚያ ከሌለ እንዳልታሰረ ማወቅ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ አሠራሩ ላይ ነው፦ ፋየርጄይል ሲነሳ የሩት (የሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ይዞ ይነሳል። በ2022 ወደ ተነሳ ሳንድቦክስ በሚያስገባው «ጆይን» ክፍሉ የተገኘው ስህተት ተራ ተጠቃሚን ሩት ያደርግ ነበር፤ በ0.9.70 ተስተካክሏል። ሊጠብቅ የመጣው መሣሪያ ራሱ በር ሲሆን ማለት ነው። ስለዚህ ማን እንደሚጠቀምበት በተጠቃሚዎች ዝርዝሩ ይወሰን፣ በዋናው ማዋቀሪያ ፋይልም የታሰረ ፕሮግራም አዲስ ሥልጣን እንዳያገኝ የሚያደርገው «ፎርስ ኖኒውፕሪቭስ» «የስ» ይባል። ሌላው፣ ዴስክቶፑ መስኮቶችን የሚያሳየው በአሮጌው ኤክስ 11 ከሆነ የታሰረ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት የቁልፍ ምት ማዳመጥ ይችላል፤ አዲሱ ዌይላንድ ይሻላል። የከርነሉ ስህተትም አለ፦ በ2022 የወጣው ደርቲ ፓይፕ የተጠቀመው በተራ ጥሪዎች ነበር፣ ለንባብ ብቻ የተከፈተ ፋይል ላይም ይጽፍ ነበር። ዳታ ውድ ነው ተብሎ የከርነል አፕዴት የሚዘለልበት ኮምፒውተር ላይ ፋየርጄይል ብቻውን አያድንም።

ስክሪፕት የሚጽፍ ልጅ ያለው ቤት በብልራፕ የተባለውን ሌላ የሳንድቦክስ መሣሪያ ይምረጥ። ፍላትፓክ የተባለው የፕሮግራም ማከፋፈያ የሚጠቀምበት ነው፣ ኮዱም ከፋየርጄይል በጣም ያነሰ ነው። ዝግጁ ፕሮፋይል ስለሌለው እያንዳንዱን ፎልደር በእጅ መዘርዘር ግድ ይላል። ከተርሚናል ሲነሳ «ኒው ሴሽን» የሚለው ምርጫ ካልተጨመረ የታሰረው ፕሮግራም ወደ ተርሚናሉ ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ደግሞ አፕአርመር የተባለው የደህንነት መቆጣጠሪያ ተራ ተጠቃሚ ዩዘር ኔምስፔስ (በብልራፕ ያለ ሩት እንዲሠራ የሚያስችለውን) እንዳይጠቀም ስለሚገድብ፣ በብልራፕ ስለ ዩአይዲ ማፕ ፈቃድ የለም ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ለበብልራፕ ብቻ የአፕአርመር ፕሮፋይል መጫን ነው፤ ገደቡን ለሲስተሙ በሙሉ ማጥፋት ለሌላው ፕሮግራም ሁሉ መክፈት ይሆናል።