ጎማ ይገባል ብለው ፎርኬን በግራይንደር ላጉብኝ፤ ኮርሳ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ይሄን የምጽፈው ገና እጄን በደንብ ሳልታጠብ ነው፣ ጥቁሩ ዱቄት አሁንም ጥፍሬ ስር አለ። ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አይሆነኝም። እናቴ ምሳ ብይ ትለኛለች፣ አልወርድ አለኝ። ኮርሳ (ጎማው ቀጭን የሆነውን የእሽቅድምድም ሳይክል) የምትነዱ፣ በተለይ ቀጭኑን ጎማ አውጥታችሁ ወፈር ያለ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ሳይክሏን ታላቅ ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት ከጣሊያን ሲመጣ በካርቶን አሽጎ ነው ያመጣልኝ። ፍሬሟ አልሙኒየም፣ ፎርኳ (የፊት ጎማውን በሁለት እግር የሚይዘው ሹካ) ካርቦን፣ ፍሬኗ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው የድሮው ዓይነት፣ የጎማዋ ስፋት 25 ሚሊ። አዲስ አልነበረችም ግን አንድ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያት በለገጣፎ አድርጌ ሰንዳፋ ደርሼባት እመለሳለሁ። ችግሩ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮብልስቶን ነው። ክረምቱ ነቃቅሎት ድንጋዩ ጥርስ ጥርስ ሆኗል፣ በዚህ ክረምት ብቻ አራት ጊዜ ከመነዳሪ ቀይሬያለሁ፣ አራቱም ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ነው ያገኘሁት፣ ጎማው ቀጭን ስለሆነ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር እየቆነጠጠ ይበሳዋል። ስለዚህ 28 ላስገባ ብዬ ወሰንኩ። ይኸው ነው ሀጢያቴ።

ሱቁን አትጠይቁኝ፣ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ሄልሜት ተደርድሮ፣ አንድ አፉ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ቆሞ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ሁለት ሶስት ልጆች እጃቸው ግሪስ ሆኖ የሚሰሩበት። ሐሙስ ከስራ በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄድን። ልጁ 18 ዓመቱ ነው፣ ሳይክል ነድቶ አያውቅም፣ ልሸኝሽ ብሎ ነው የመጣው። ሰውዬው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ከሱ ጋር ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ለሱ ይሰጣል።

28 አለ ወይ አልኩ። "አልቋል የኔ እህት፣ 32 ግን አለ፣ እንዳውም ለአዲስ አበባ መንገድ እሱ ነው።" ፎርኩ ጠባብ ነው፣ አሁን ያለው 25 ነው፣ ይገባል ወይ አልኩት፣ በግልጽ፣ ሁለት ጊዜ። ወደ ወንድሜ ዞሮ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ "ንገራት፣ አሁን ፕሮፌሽናሎቹ ራሳቸው ሰፊ ጎማ ነው የሚነዱት።" እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነገር ውሸት አለመሆኑ ነው። ድሮ ሁሉም በ23 ነበር የሚወዳደሩት፣ የኛው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ሲወዳደር እንኳ 25 አካባቢ ነበር የተለመደው፣ ዛሬ 28ና ከዛ በላይ ሆኗል፣ ሰፊው በሻካራ መንገድ ላይ ፍጥነት አይቀንስም፣ እንዳውም ይሻላል። ግን የነሱ ሳይክል ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ፎርኩም ከፋብሪካ ሲወጣ ለሰፊ ጎማ ተብሎ የተሰራ ነው፣ የኔ አይደለም። ይሄን እኮ አውቃለሁ! አውቄ ዝም አልኩ። በልበ ሙሉነት ሲያወራ ሰው ፊት መከራከር ከበደኝ።

ጥንዱ 11,600፣ መግጠሚያ 1,000፣ ጠቅላላ 12,600 ብር። ደረሰኝ ስለው የተለመደችዋን አመጣ፣ "በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 ፐርሰንት ይጨመራል።" 1,890 ብር መሆኑ ነው። ተዉት አልኩ። ለ1,890 ብር ብዬ መከራከሪያዬን በገዛ እጄ ሰጠሁት።

"ቡና ጠጥታችሁ ኑ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም" አለ። ከሱቁ አጠገብ ጀበና ቡና አለ፣ ከዛ ቀጥሎ በርና መስኮት የሚበይድ ብረታ ብረት ቤት። ተቀመጥን። ሁለተኛውን ሲኒ ይዤ እያለ የግራይንደር ድምፅ ተሰማ፣ ዚይይይ ብሎ ቆም ይላል፣ እንደገና ዚይይይ። ወንድሜ "ምን እየቆረጡ ነው?" አለኝ። "በር ነው" አልኩት። ቡናዬን ጠጣሁ። ይሄን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይላወሳል፣ የገዛ ፎርኬ ሲቆረጥ እየሰማሁ ነው ቡና የጠጣሁት።

ስንመለስ ሳይክሏ ቆማለች፣ ጎማው ገብቷል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ተረጭቷል። ጎማው ጎኑ ቡኒ ነው፣ በጣም ያምራል፣ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ቡኒው ላይ ጥቁር ነገር ተለቅልቋል፣ የጣት አሻራ ሁሉ ይታያል። በጣቴ ነካሁት፣ ደቃቅ ዱቄት ነው፣ ትንሽ ያብለጨልጫል፣ ጣቴን ቆረቆረኝ። "ይሄ ምንድነው?" አልኩት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሰውዬው አይን አይኔን ያየኝ። ጨርቁን አነሳ፣ ቀስ ብሎ ጎማውን ዙሪያውን ጠረገልኝ፣ እንደ እናት፣ እየጠረገ "የጎማ ዱቄት ነው የኔ እህት፣ አዲስ ጎማ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሁለት ቀን ስትነጂው ይለቃል" አለኝ። ከኋላው የቆመው ልጅ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ መሰብሰብ ጀመረ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም።

እኔ ከመነዳሪ በእጄ የምቀይር ሰው ነኝ። ዱቄቱ ነጭ ነው! የህፃን ፓውደር ነው የሚመስለው! አራት ጊዜ በዚህ ክረምት እጄ ላይ አይቼዋለሁ፣ ጥቁር የጎማ ዱቄት አይቼ አላውቅም። ግን "አሃ" አልኩ። አሃ ብዬ ስልኬን አወጣሁና 12,600 ብር በቴሌብር ላክሁ፣ ከዛ አመሰገንኩት። እንደሰው አመሰገንኩት።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልወጣ ስል ጎማውን ስጫነው ለስለስ ያለ ነው። እነሱ በግማሽ አየር ነው የሰጡኝ፣ ያኔ ጎማው ትንሽ ነው፣ ሲሽከረከር አይነካም፣ ገዢ ፊት ያምራል። እስከ 65 ፒኤስአይ ነፋሁት። የፊት ፍሬኑን ስጨብጥ ላላ አለብኝ፣ አየሁት፣ ጎማ ሲወጣ የምትከፈተዋ ማላቀቂያ ክፍት ናት፣ እሷን ዘጋሁና ተነሳሁ። አያትን አልፌ ወደ ለገጣፎ ስሄድ ሽርርር ሽርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ ጭቃ ነው ብዬ ተውኩት። አስፋልቱ እርጥብ ነበር፣ ከመኪና የወደቀ አሸዋና ጠጠር ነበረበት። ትንሽ ዳገት እየወጣሁ ሳለ አንድ ጠጠር ጎማው ላይ ተጣብቆ ዞሮ ፎርኩ ስር ገባ። ቋ አለ፣ የፊቱ ቸርኬ ቀጥ። የኋላው ከመሬት ተነሳ፣ ደረቴ መሪው ላይ አረፈ፣ እግሬን እንዴት አድርጌ መሬት እንዳስነካሁ አላውቅም። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ መኪና ነበር፣ ክላክሱን እየነፋ በአጠገቤ አለፈ። ዳገት ስለሆነ ነው የተረፍኩት። ይሄ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሁፍ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ሳይክሏን ዳር አውጥቼ ገለበጥኳትና የስልክ መብራት አብርቼ ፎርኩ ውስጥ አየሁ። ሁለቱ እግሮች ላይ የሚገናኙበት ጋ፣ ከጎማው በላይ፣ ጥቁር አንፀባራቂ ቀለም የነበረበት ቦታ ቀለም የለም። ግራጫ ሆኗል፣ ተጎርጉዷል፣ የካርቦኑ ቃጫ ተበጥሶ እንደተቀደደ ጨርቅ ጫፍ ቆሟል። በጣቴ ሳስነካው ጥቁር ዱቄት ወጣ። ያው ዱቄት! የፍሬኑም ሆድ በሞረድ ተፍቆ አልሙኒየሙ ነጭ ሆኖ ያበራል። የኋላው ደግሞ ከጎማው በላይ ወረቀት ነው የሚያሳልፈው።

ሂሳቡን እዛው አስፋልት ዳር ሰራሁት፣ ሐሙስ መስራት የነበረብኝን። ጎማ ሲሰፋ ወደ ጎን ብቻ አይሰፋም፣ ቁመቱም በዛው ልክ ነው የሚጨምረው። የአብዛኞቻችን ኮርሳ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር 622 ሚሊሜትር ነው፣ ጎማው ጎን ላይም 25-622፣ 32-622 ተብሎ ተጽፏል። ከ25 ወደ 32 ሲኬድ ጎማው ወደላይ 7 ሚሊ ገደማ ይነሳል። እኔ ፎርክ ስር የነበረኝ ክፍተት 6 ሚሊ ነው፣ ድሮ ለክቼው አውቀዋለሁ። ስድስት ውስጥ ሰባት አይገባም። 28 እንኳ 3 ሚሊ ብቻ ነበር የሚያስቀርልኝ። እነሱ ግን ይሄን አይተው "አልገባም" ማለት ሲችሉ ፎርኩን ቆረጡት። ለ11,600 ብር ጎማ።

ሳይክሏን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ ወንድሜን ጠርቼ በቀጥታ ሱቁ ሄድን። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም! "ትንሽ ነው እኮ የነካናት፣ ሁሉም ሰው ጋ እንደዚህ ነው የሚደረገው" አለ። ማን ፈቀደላችሁ ስለው "አንቺ አይደለሽ ይግባልኝ ያልሽው?" አለኝ። ይገባል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት! ድምፄን ከፍ ሳደርግ እንደገና ወደ ወንድሜ ዞረ፣ "እህትህን አረጋጋት፣ ደንበኛ አለብኝ" አለው። ደረሰኝ አላችሁ ወይ አለ፣ እንደሌለኝ እያወቀ። በመጨረሻ ጎማዎቹን "እንደ ተነዳ" በ4,000 ብር ልቀበልሽ አለኝ፣ ስለ ፎርኩ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ ሲስቁ ይሰማኛል። ወንድሜ አልቅሷል፣ ከዛ ሲወጣ፣ እኔ አላለቀስኩም።

ስመለስ ሰፈራችን ያሉ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሳይክል የሚሰሩ ጋሼ ጋ አሳየሁ። ፎርኩን አዩት፣ በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ። "ልጄ፣ እኔ የማውቀው ብረት ነው፣ ካርቦን ብዙ አላውቅም፣ ይሄ ግን ቃጫው ተቆርጧል፣ እንዳትነጂበት" አሉኝ። ልክ ናቸው። ብረት ሲዳከም ጎብጦ ይነግርሻል፣ ካርቦን ቃጫው ከተቆረጠ በኋላ ከውጭ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ቀጭ ነው የሚለው፣ እሱም ፍሬን የሚታሰርበት፣ የሰው ክብደት ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ሐሙስ ሱቅ ሳይሆን እሳቸው ጋ ሄጄ ቢሆን ኖሮ መለኪያ አውጥተው "አይገባም፣ ሂጂ" ብለውኝ አንድ ብር ሳላወጣ እመለስ ነበር።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባለው ጎማና በፎርኩ መካከል ከላይም ከጎንም ለኩ፣ አዲሱ ከገባ በኋላ ቢያንስ 4 ሚሊ መቅረት አለበት፣ ባለ 4 ሚሊ አለንኪ (ብሎን መፍቻ) በነፃነት ካላለፈ አይሆንም። እዛው ሱቅ ውስጥ በሙሉ አየር አስነፉት። ደረሰኝ ተቀበሉ። ሳይክላችሁን ትታችሁ ቡና አትሂዱ። በነሱ እጅ ጎማ ያስገባችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ገልብጣችሁ በመብራት ፎርኩን ከውስጥ እዩት፣ ቀለሙ የተላጠ ካርቦን ካያችሁ አትንዱት፣ እባካችሁ።

እኔ ፎርክ እየፈለግኩ ነው፣ ለ700 ቸርኬ (ያው 622ቱ ነው)፣ አንገቱ ከላይ እስከታች እኩል 1 ከ1/8 ኢንች፣ ለድሮው ፍሬን የሚሆን፣ ብረትም ቢሆን ችግር የለብኝም። 32ቶቹ ጎማዎች አንድ ጠዋት ብቻ ነው የተነዱት፣ የሚገባለት ሳይክል ያለው ሰው በግማሽ ዋጋ ይወስዳቸዋል፣ ግን ሳይክሉን ይዞ ይምጣ፣ መጀመሪያ አብረን እንለካለን።