ቴርሞስታት፦ በሰዓት 5 ጊዜ ወይስ 3 ጊዜ?

አሜሪካ ቤት ውስጥ ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። በሰዓት ስንት ጊዜ እንዲነሳ በብዙ ዲጂታል ቴርሞስታቶች (የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች) ላይ ከሴቲንግ መቀየር ይቻላል፤ ገንዘብ አያስወጣም።

በሰዓት 5 ጊዜ፦ ሙቀቱ ብዙም አይዋዥቅም። ወለል ላይ የሚጫወት ልጅ ላለበት ቤት ደስ ይላል። ግን በተነሳ ቁጥር ማቀጣጠያውና ሞተሩ ይለፋሉ።

በሰዓት 3 ጊዜ፦ አንዴ ከተነሳ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። እኔ ይሄን እወዳለሁ፤ ሌሊት ድምፁ አይቀሰቅስም። በመሃል ግን ቀዝቀዝ ሲል ጋቢ ደረብ ማድረግ ነው።

ብቃቱ (ከጋዙ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ድርሻ) ከ90 በመቶ በታች የሆነ የጋዝ ፈርነስ፣ ማለትም አየር አሙቆ ወደ ክፍሎቹ የሚነፋ ማሞቂያ፣ ካለዎት ብዙ ጊዜ 5 ይስማማዋል። ከዚያ በላይ ለሆነ ፈርነስ ወይም ለሙቅ ውሃ ራዲያተር 3። በእንፋሎት ለሚሞቅ አሮጌ ቤት 1 ይበቃል። ቁጥሩን ከመንካትዎ በፊት ግን የፈርነሱን ማጣሪያ አውጥተው ይዩት፤ በአቧራ ከታፈነ ማሽኑ ከልክ በላይ ይግልና ሳይጨርስ ይጠፋል።