የ22ኛው ስኳድሮን የነፍስ አድን አገልግሎት ሲመዘን

በእንግሊዝ አገር ጎስፖርት እ.ኤ.አ. በ1915 ለውጊያ የተመሠረተው የብሪታንያ አየር ኃይል ክፍል፣ 22ኛው ስኳድሮን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦፎርት በተባሉ ቶርፔዶ ጣይ አውሮፕላኖች የጠላትን መርከቦች ያጠቃ ነበር፤ አብራሪው ኬኔት ካምቤልም በ1941 በፈረንሳይ ብሬስት ወደብ ውስጥ የነበረችውን ግናይዘናው የተባለች የጀርመን የጦር መርከብ መትቶ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ስለወደቀ፣ ከሞተ በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የሆነውን የቪክቶሪያ መስቀል ተሸልሟል። መርከብ ለማስጠም የተሠማራው ይኸው ክፍል በ1955 ዊርልዊንድ ሄሊኮፕተሮችን ታጥቆ ከባሕር ሰው ወደ ማውጣት መዞሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

አገልግሎቱን በተግባሩ ስመዝነው ከፍተኛ ደረጃ እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያ ዓላማው አደጋ የደረሰባቸውን የጦር አብራሪዎች ማዳን ቢሆንም፣ አብዛኛው ጥሪ የመጣው ከዓሣ አጥማጆች፣ ከመርከበኞችና ከተራራ ወጪዎች ነበር፤ ለመዳንም ክፍያ አይጠየቅም። በኋላ ዘመን በሲ ኪንግ ሄሊኮፕተር የሚወጡት አራቱ የበረራ አባላት ቀን በ15 ደቂቃ፣ ሌሊት በ45 ደቂቃ ውስጥ ለመነሣት ዝግጁ ነበሩ። የሌሊቱ ጊዜ በቀዝቃዛ ባሕር ለወደቀ ሰው ረጅም መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በተለይ የማደንቀው በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ማዕበሉ የሚወርደውን አዳኝ ነው፤ በ2004 በእንግሊዟ የቦስካስል መንደር በደረሰው ጎርፍ ሰዎች ከጣራ ላይ የተነሡት በዚሁ ዓይነት ሥራ ነበር።

በ2015 ኃላፊነቱ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው በውል ወደሚሠራ ሲቪል ኩባንያ ተላልፏል።