ከእግዜር በታች፣ በ18 ዶላር

ባለፈው ሳምንት በርበሬ ልገዛ ቨርጂኒያ ካሉት የሀበሻ ሱቆች አንዱ ጎራ ብዬ፣ ከእንጀራው መደርደሪያ ጎን አንድ ፖስተር ተሰቅሎ አየሁ። የአሜሪካ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚሉት የታማኝነት ቃል፣ «ፕሌጅ ኦፍ አሊጃንስ» የሚባለው ነው። ከላይ በእንግሊዝኛ፣ ከታች በአማርኛ። ዋጋው 18 ዶላር። ልጄ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ገብታ በየቀኑ ትለዋለች፤ እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ሲባል ከ«አይ ፕሌጅ» በኋላ ያለውን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማልፈው። ስለዚህ ሳላቅማማ ገዛሁት። ሳምንት ሙሉ ግድግዳችን ላይ ከረመ።

ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው፣ በዚህ አላማውም። ላሚኔት ተደርጓል። ልጄ የማንጎ ጭማቂ ረጭታበት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ምንም አልሆነም። የእንግሊዝኛው ፊደል ትልልቅ ነው፤ አማርኛው ግን የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ እንዳለው ወረቀት ደቃቅ ነው፣ መነጽር ይፈልጋል። ጥግ ላይ በስልክ ስካን የሚደረግ ኮድ አለ፤ ሲከፈት አንድ ሰውዬ አማርኛውን ያነበዋል። ማንበብ ካላችሁት ነው። አዋጅ የሚያስነግር ነው የሚመስለው። ልጄ ሰምታ «ይሄ ሰውዬ ማን አናደደው?» አለችኝ።

ዋናው ጉዳይ ትርጉሙ ላይ ነው። «ፕሌጅ» የሚለውን «እምላለሁ» ብለውታል። እንግሊዝኛው ቃል መግባት ነው። መማል ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ መሐላ ቀልድ አይደለም። ሊጠይቁን መጥተው አብረውን ያሉት እናቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «በስመ አብ! የስድስት ዓመት ሕፃን ያስምላሉ?» አሉ። እኔ ልጅ ሆኜ «እናቴ ትሙት» ስል በኩርኩም ይሉኝ የነበሩ ሴት ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። «ቃል እገባለሁ» ቢባል ሁላችንም በሰላም ቁርሳችንን እንበላ ነበር።

ከዚያ «አንደር ጋድ» የሚለው ጋ ደረሱ። ፖስተሩ «ከእግዚአብሔር በታች» ይላል። ቃል በቃል ከሄድን ልክ ነው። ግን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ለችግር ደራሽ ዘመድ የምንለው ነዋ! «ከእግዜር በታች ያለሁት ባንተ ነው» እንደምንለው። እናቴም ያለ ምንም ጥርጥር እንደዚያ ነው የተረዱት። «እውነት ነው፣ ከእግዜር በታች አሜሪካ አይደለች ያበላችን?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ፖስተሩ ፊት ቆማ ስትለማመድ፣ ጨርሳ እጇን ሳታወርድ እናቴ ከሶፋው ላይ «አሜን» አሉ።

ያቺን «አሜን» ልብ በሉልኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ፣ ሜኖናይት የሚባለው የክርስትና እምነት ተከታይ የሆነ አንድ አባት ይሄ ነገር ጸሎት ነው፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት የለባቸውም ብሎ ከሶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) አይ፣ ይሄ የአገር ፍቅር መግለጫ እንጂ ጸሎት አይደለም ብሎ ፈረደ። ዳኞቹ ከእናቴ ጋር አልተማከሩም።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ለቡና መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ልጇ ከኔዋ ጋር አንድ ክፍል ነው። ፖስተሩን አየችና «ታዲያ የኔው ልጅ ይሄን እንዴት ብሎ ያነባል?» አለች። እንግሊዝኛውን ልጇ በየቀኑ ይለዋል፣ እሷን ከንክኗት አያውቅም። «ጋድ» ሲባል እያንዳንዱ የራሱን አስቦ ያልፋል። «እግዚአብሔር» ተብሎ ሲጻፍ ግን ቤተ ክርስቲያን ገባ። ቤቷ አላህ ነው የሚባለው። «ፈጣሪ ቢሉትስ ምን ነበረበት እቴ?» አለችና ፈንዲሻዋን ዘገነች። እኔ እላለሁ፣ አሜሪካኖች ስንት ዓመት በጠበቃ ሲከራከሩበት የኖሩትን ጥያቄ ይሄ ፖስተር በአንድ ቃል አፍረጥርጦታል። እንግሊዝኛው የማን አምላክ እንደሆነ ሳይናገር ይሾልካል። በአማርኛ ግን ተርጓሚው አንዱን መምረጥ አለበት።

አሁን ወደማላልፈው ስህተት። ከጽሑፉ ግርጌ «በ1892 የተጻፈ» ይላል። በ1892 ፍራንሲስ ቤላሚ የሚባል የባፕቲስት ቄስ መጻፉ እውነት ነው። ግን ሰውዬው ቄስ ሆኖ ሳለ «አንደር ጋድ» የሚል አልጻፈም! በ1923 እና 1924 «ባንዲራዬ» የሚለው «የአሜሪካ ባንዲራ» ተብሎ ተቀየረ፤ መጤዎቹ በልባቸው የአገራቸውን ባንዲራ እንዳያስቡ ተብሎ ነው (እኛን መሆኑ ነው)። የፈጣሪ ስም የገባው በ1954 ነው፣ ከሶቪየቶች ጋር በተፋጠጡበት ሰዓት። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ የሚባለው የካቶሊኮች ማኅበር አስቀድሞ ሲወተውት ቆይቷል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ጆርጅ ዶከርቲ የሚባል ፓስተር ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በተቀመጡበት ሰበከበት፤ ይሄ ቃል እንደዚሁ ከሆነ የሞስኮ ልጆችም ለባንዲራቸው ሊሉት ይችላሉ አለ። በአራት ወር ውስጥ ሕግ ሆነ። የሚገርመኝ ዶከርቲ ራሱ ከስኮትላንድ የመጣ ስደተኛ ነው። ቃሉን ያወቀውም ከተማሪ ልጁ አፍ ሰምቶ ነው። ልክ እንደኔ! ልዩነቱ እኔ ፖስተር ገዛሁ፣ እሱ ቃሉን አስለወጠ።

ይህን ለእናቴ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። የጃንሆይ ዘመን ተማሪ ናቸው፤ ያኔ ባንዲራ ሲሰቀል የሚዘመረውም የአምላክን ኃይል ይጠራ ነበር። ዛሬ አገር ቤት ያለው መዝሙር ፈጣሪን አያነሳም፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። «ይኸው ለዚህ ነው» ብለው ጀመሩ፣ ወሬ ቀየርኩ።

ፖስተሩ ላይ የሌለው ነገር ደግሞ ካለው ይበልጥ ያናድዳል። ማንም ልጅ ይህን ለማለት እንደማይገደድ አንድ መስመር የለበትም። አንድ ጓደኛዬ ልጁ ካላለ የኢሚግሬሽን ወረቀታችን ይበላሻል ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፣ ስለዚህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ያሉ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ተባረው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በ1943 ዳኞቹ 6 ለ3 ተማሪ አይገደድም ብለዋል። ያው ፍርድ ቤት ከሦስት ዓመት በፊት 8 ለ1 ይገደዳል ብሎ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግም በየቀኑ በክፍል ይባል ቢልም፣ ልጁ ወይም ወላጁ በሃይማኖትም በሌላም ምክንያት ካልፈለገ ሳይረብሽ መቀመጥ ወይም መቆም ይበቃዋል። በ2004 ደግሞ አንድ የካሊፎርኒያ አባት «አንደር ጋድ» ይውጣ ያለው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በልጅህ ስም ለመክሰስ መብት የለህም ተብሎ ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ተዘጋ። (የ1943ቱም፣ የ1954ቱም፣ የ2004ቱም ጁን 14 ነው የዋለው፤ የባንዲራ ቀን። በኛ ሰኔ 7።)

ትናንት ሱቁ ተመልሼ ለባለቤቱ ነገርኩት። ገንዘቤ ይመለስልኝ አላልኩም፣ እንዲያውቀው ብዬ ነው። ጋሼ ሰው ናቸው፣ ሰሙኝ። «ትርጉሙን የሠራልን እኮ ዲያቆን ነው፣ እና ምን ይጻፍልህ?» ብለው ሳቁ። «ፈጣሪ» የሚለውን ግን ወደዱት፤ ከደንበኞቻቸው ሙስሊሙ ብዙ ነው። 1892 የሚለውንም በእስክሪብቶ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ለላሚኔቱና ለትልልቁ እንግሊዝኛ ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ለአማርኛው አንድ። እኔ «እምላለሁ» የሚለው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ቃል እገባለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ እግዚአብሔር የሚለውን ግን እናቴ እስኪሄዱ አልነካም። የተስተካከለው መቼ ይመጣል ብዬ ጋሼን ስጠይቃቸው ጓዳ ያለውን ካርቶን አሳዩኝ፤ እሱ ሳያልቅ አዲስ አይታተምም። ስለዚህ እባካችሁ ቶሎ ቶሎ ግዙላቸው።