ፒክአፑን በፎር ዊል ልለውጠው?

ባለፈው ክረምት በቾ ሜዳ ላይ መረሬው፣ ያ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ያዘኝ። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፤ የፊቶቹ ዝም። ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ስለሆነ መሬቱን ቆንጥጦ አይዝም። በመጨረሻ ሁለት በሬ ጠምደው አወጡኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ፎር ዊል ቢሆን የፊቶቹም ይጎትቱ ነበር። ቁልቁለት ላይም ሎው (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚሄደውን ማርሽ) ካስገቡለት ሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬን አይግልም። ግን ዋጋው ይከብዳል፣ ናፍጣም ይጨምራል። ብዙዎቹ ሂሉክሶች ላይ ደግሞ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ እኩል እንዲዞሩ አብረው ይታሰራሉ፤ በደረቅ አስፋልት ኩርባ ላይ ማርሹን ያስጨንቀዋል። ለከተማ ትርፍ ነገር ነው።

እኔ ገጠር የምወጣው በወር አንዴ ነው። ስለዚህ አልለውጥም። የጭቃ ጎማ ገዝቼ፣ ኋላው ላይ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ እጭናለሁ። በየሳምንቱ የምወጣ ቢሆን ግን ዛሬውኑ እለውጠው ነበር።